ደወሉን ዝም ማሰኘት የማን መብት ነው?

ጆሮ ክዳን አልተሠራለትም። ዓይን ቆብ አለው፤ አፍም ከንፈር አለው፤ ጆሮ ግን ባለቤቱ ሲተኛም በሩን ከፍቶ ያድራል። አደጋ አብዛኛውን ጊዜ ከማናይበት አቅጣጫ ስለሚመጣ ይሆናል እንዲህ የሆነው። የሰው ልጅ ግን ለሁሉም መላ አያጣምና ለጆሮውም ክዳን ሲያበጅለት ኖሯል፤ መስኮት ይዘጋል፣ ጥጥ ይወትፋል፣ ስልኩን ድምፅ አልባ ያደርጋል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት የሥነ ምግባር ጥያቄ ከእነዚህ ክዳኖች እጅግ ትንሿን የሚመለከት ነው። ከሩቅ ሰርቨር ጋር በተርሚናል ተገናኝተው የሚሠሩ ሰዎች፣ ኮምፒዩተራቸው በየጊዜው «ቢፕ» እያለ ሲያስቸግራቸው ድምፁን ያጠፉታል። ይህ ምን የሥነ ምግባር ጥያቄ አለው ይባል ይሆናል። እኔም አንድ ሌሊት እስኪያስተምረኝ ድረስ ምንም የለውም ባይ ነበርሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ናይሮቢ ውስጥ፣ ኪሊማኒ ሰፈር በምትገኝ ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ነው። በዚያን ጊዜ ጥገኝነት ጠያቂዎች በአማርኛ የሰጡትን ቃል ወደ እንግሊዝኛ እተረጉም ነበር። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ በባዳ እጅ ቢገባ ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ያሠራኝ የነበረው ድርጅት አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፦ ማንኛውም ጽሑፍ ከሰርቨሩ አይወጣም። በመሆኑም ፋይሉን ወደ ራሴ ኮምፒዩተር አውርጄ መሥራት አልችልም ነበር። ሌሊት ሌሊት በተርሚናል አውሮፓ ወደሚገኘው ሰርቨር እገባና እዚያው እጽፋለሁ። ተርሚናልን ለማያውቅ አንባቢ፦ ጥቁር መስኮት ነው፤ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው። እኛ ፊደል እንጽፋለን፤ ሩቅ ያለው ማሽን ፊደል ይመልሳል። አልፎ አልፎ ደግሞ ድምፅ ያሰማል።

ድምፁ የሚመጣው በጥቃቅን ምክንያት ነው። ባዶ መስመር ላይ ቆመው የመደምሰሻውን ቁልፍ ሲነኩ፣ የሚደመሰስ የለም ለማለት ቢፕ ይላል። የፋይል ስም ጀምረው ማሽኑ እንዲጨርስልዎት የታብን ቁልፍ ሲጫኑ፣ ተመሳሳይ ስሞች ከአንድ በላይ ከሆኑበት አሁንም ቢፕ ይላል። ቀን ቀን ይህን ልብ የሚለው የለም። በእኩለ ሌሊት፣ የአራት ወር ሕፃን በተኛችበት ክፍል ግን ድምፁ እንደ መዶሻ ነው።

«እባክህ ያንን ነገር ዝም አሰኝልኝ፤ ልጅቷ ገና አሁን መተኛቷ ነው» አለች ባለቤቴ።

እውነቷን ነበር። «ፑቲ» የተባለውን ፕሮግራም ቅንብር ከፈትሁና ደወልን በሚመለከተው ገጽ ላይ «ምንም» የሚለውን ምርጫ መረጥሁ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እኔም ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው ደስ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአንዲት ሴት ቃል ደረሰኝ። ትርጉሙ በማግሥቱ ጠዋት ለሚቀርብ ጉዳይ ነበርና ሌሊቱን ልጨርሰው ተቀመጥሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ልጄ በራሷ ምክንያት ነቅታ አለቀሰች። ተነሣሁ፤ አቅፌ ከመኝታ ክፍል ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ መኝታ ክፍል ግማሽ ሰዓት ያህል ተመላለስሁ። ተኝታ ስመለስ ግንኙነቱ ተቋርጧል። በሞተው መስኮት ውስጥ፣ በጻፍሁት መካከል ጣልቃ ገብታ አንዲት መስመር ትታያለች፦ ሰርቨሩ ለጥገና በ10 ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል። ማሽኑ ተነሥቶ እንደ ገና ስገባ ጽሑፌ የለም። ረቂቁን ያስቀመጥሁት በጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ነበር፤ ያ ሰርቨር ደግሞ በተነሣ ቁጥር ጊዜያዊ ማኅደሩን ባዶ ያደርጋል።

ጠዋት ለሰርቨሩ አስተዳዳሪ ደወልሁ። ትሑት ወጣት ነው። «መልእክቱን ደጋግሜ ልኬ ነበር እኮ፤ ደወልም አለው። አልሰሙም?» አለኝ። ምን እመልሳለሁ? ቀጠሮው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የማላውቃት፣ ቃሏን ግን ከማንም አስቀድሜ ያነበብሁላት ያች ሴት፣ በእኔ ጆሮ ምክንያት ተጨማሪ ሳምንታት ጠበቀች።

ጥፋቱን ልሸሽ አልፈልግም። ጽሑፍን በጊዜያዊ ማኅደር ማስቀመጥ የእኔ ስንፍና ነበር። ይህን ወዲያው አረምሁት። ያልለቀቀኝ ሌላው ነገር ነው። ደወሉን ዝም ያሰኘሁት በበጎ ምክንያት፣ ለተኛች ሕፃን ስል ነበር። በበጎ ምክንያት የተደረገ ዝምታ ሌላ ሰው ላይ ዕዳ ሲያመጣ ተጠያቂው ማን ነው?

ቁጥር ሰባት

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የተለመደ ስሕተት ይታረም። ብዙዎቻችን ድምፁን የሚያሰማው ሩቅ ያለው ሰርቨር ይመስለናል። ሰርቨሩ ግን ድምፅ አያውቅም። የሚልከው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 7። ይህ ቁጥር እንደ ሌላው ፊደል ሁሉ ተመስጥሮ ባሕር ያቋርጣል፤ በመንገድ ላይ ማንም አይሰማውም። እኛ ዘንድ ሲደርስ ተርሚናሉ ቁጥሩን ያይና በእኛው ቤት፣ በእኛው ድምፅ ማጉያ ደወል ያሰማል። ደወሉ ያለው እዚህ ነው፤ እዚያ ያለው ለመደወል የፈለገበት ምክንያት ብቻ ነው።

ቁጥሩ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 አስኪ የተባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት ሲወጣ ሰባተኛው ቁጥር ለደወል ተሰጠ። በዚያን ዘመን ቴሌፕሪንተር በሚባሉት የጽሕፈት መሣሪያዎች ውስጥ የተቀመጠው የእውነት ብረት ደወል ነበር። መልእክት የሚልከው ሰው፣ በሌላው ጫፍ ያለው ባልደረባው ከወንበሩ ተነሥቶ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ ደወሉን ያስመታና ይጠራዋል። በዜና ክፍሎች ውስጥ ደግሞ የደወሉ ድግግሞሽ የዜናውን ክብደት ይናገር ነበር። ተራ ወሬ ያለ ደወል ይመጣል፤ ዓለምን የሚያናውጥ ዜና ደወሉን እያከታተለ ይመጣል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ገዳማት ዛሬም ድረስ ተንጠልጥለው የሚመቱ የድንጋይ ደወሎች አሉ። በገጠር ያደገ ሰው ደወል በሰዓቱ ሲመታና ያለ ሰዓቱ ሲመታ ያለውን ልዩነት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የመጀመሪያውን ሰምቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሁለተኛውን ሲሰማ ግን የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ደወል ኃይል የሚያገኘው ከድምፁ ትልቅነት አይደለም፤ በከንቱ ባለመመታቱ ነው።

የተርሚናሉ ደወል የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ያው ቁጥር 7፣ ሰርቨሩ ሊዘጋ ነው ለማለትም፣ የሚደመሰስ ፊደል የለም ለማለትም ያገለግላል። አንድ ደወል ለእሳትም፣ ድመት በደጅ ስላለፈችም የሚመታ ከሆነ ሰው ምን ያድርግ? ጆሮውን ቢደፍን ይፈረድበታልን? «ጅብ መጣ» እያለ መንደሩን በከንቱ ሲያስሮጥ የኖረውን እረኛ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ተረት እረኛውን እንወቅሳለን እንጂ መንደርተኛውን አንወቅስም። ይሁን እንጂ በመጨረሻው ቀን ጅቡ በእርግጥ መጥቶ ነበር።

ጩኸት ሲበዛ፣ ዝምታ ሲበዛ

የእኔ ታሪክ ትንሽ ነው። ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ በሆነባቸው ስፍራዎች ግን ይኸው ጥያቄ በትልቁ ተፈትኗል።

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ፣ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋ ሲደርስ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማንቂያዎች ጮኹ። ጉዳዩን እንዲያጣራ በፕሬዚዳንቱ የተቋቋመው ኮሚሽን ኋላ እንደ ገለጸው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ዋናውን ማንቂያ ከተራው ለመለየትና ተራውን ዝም ለማሰኘት የሚያስችል መንገድ አልነበረም። እዚያ የጎደለው ዝምታ ነበር። ሁሉም በአንድነት ሲናገር ማንም እንዳልተናገረ ሆነ።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ታየ። ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር በምርመራው ላይ ቃሉን የሰጠው የመድረኩ ዋና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ አጠቃላይ ማንቂያው በራሱ እንዳይጮህ ታግዶ እንደ ነበር ተናገረ። የጋዝና የእሳት ጠቋሚዎቹ ይሠራሉ፤ ያዩትንም በኮምፒዩተር ላይ ያሳያሉ፤ ደወሉ ግን ሰው ካላስጮኸው አይጮህም። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ሰዎች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሐሰተኛ ማንቂያ እንዳይቀሰቀሱ በሚል ነው አለ። የእነዚያ ሰዎች ሞት በዚህ ብቻ መጣ ማለቴ አይደለም፤ የአደጋው ምክንያት ብዙ ነው። ነገር ግን ያንን ምክንያት ስሰማ የባለቤቴ ድምፅ ትዝ ይለኛል። ሰው እንዲተኛ መፈለግ ክፋት አይደለም። ከዝምታዎች ሁሉ አደገኛው እንዲያውም በርኅራኄ የተደረገው ነው፤ ማንም አይጠረጥረውምና።

በሆስፒታሎች ደግሞ ነገሩ ስም ወጥቶለታል፤ «የማንቂያ ድካም» ይሉታል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከጃንዋሪ 2009 እስከ ጁን 2012 ባለው ጊዜ ከማንቂያ ጋር የተያያዙ 98 ከባድ ክስተቶች እንደ ተመዘገቡና ከእነዚህም 80ው በሞት እንደ ተጠናቀቁ ገልጿል። በዚያው ማሳሰቢያ ከሚሰሙት የማንቂያ ድምፆች ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ምንም ሕክምና የማይጠይቁ እንደሆኑ ተገምቷል። አንዲት ነርስ በአንድ ሌሊት ከምትሰማው መቶ ጩኸት ቢያንስ 85ቱ ከንቱ ከሆነ፣ ጆሮዋ ቢዝል ማን ይፈርድባታል? ሆኖም ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ስለሚሞት ሰው የሚጮህ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ «ድምፅ አታጥፋ» የሚለው ሕግም፣ «የሚያስቸግርህን ሁሉ አጥፋ» የሚለው ሕግም አያዋጣንም። ጥያቄው መዘጋት አለበት ወይስ የለበትም ሳይሆን፣ የቱ ጋ ይዘጋ፣ ለማን ይዘጋ፣ እስከ መቼ ይዘጋ የሚል ነው።

የቱ ጋ፣ ለማን፣ እስከ መቼ

የተርሚናሉ ደወል ለእነዚህ ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አለው።

የመጀመሪያው «የቱ ጋ» ነው። ድምፁን ማጥፋት የሚቻለው በሁለት ስፍራ ነው። አንደኛው እኔ እንዳደረግሁት በራስ ኮምፒዩተር፣ በተርሚናሉ ላይ ነው። ይህ ጆሮን መድፈን ነው፤ ቁጥር 7 ለምንም ምክንያት ቢላክ ከዚያ ወዲያ አይሰማም። ሁለተኛው በሰርቨሩ ላይ ነው። እዚያ ትእዛዝ በምንጽፍበት መስመር ላይ ደወል የሚያስመታው ክፍል የራሱ ትንሽ የቅንብር ፋይል አለው፤ በዚያ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ብንጨምር ለባዶ መደምሰስና ለታብ ቁልፍ መደወሉን ይተዋል። ሰርቨሩ ሊዘጋ ነው የሚለው የአስተዳዳሪው መልእክት ግን በሌላ መንገድ ስለሚመጣ ደወሉን እንደ ያዘ ይደርሳል። ሁለቱም መንገዶች ሕፃኗን ባስተኟት ነበር። አንደኛው ግን ከንቱውን ጩኸት ብቻ ከምንጩ ሲያደርቅ፣ ሌላው ጠሪውንም አስጨናቂውንም አንድ ላይ ከደጅ አስቀረ። እኔ የመረጥሁት ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ቅርብ ነበር። ከንቱውን ከቁም ነገሩ መለየት ድካም ይጠይቃል፤ ጆሮን መድፈን ግን ምንም አይጠይቅም። በሰውና በሰው መካከልም እንዲሁ ነው። ንዝንዝ የሚያበዛ ዘመድ ቢኖረን አንድ ጊዜ ቁጭ ብለን «ይህ ይህ አይደወልልኝ፤ ይህ ከሆነ ግን በእኩለ ሌሊትም ቀስቅሱኝ» ብንለው ከንቱውን ለየን ማለት ነው። ስልኩን ማንሣት ስናቆም ግን የእናቱን መርዶም አብረን ዘጋን።

ሁለተኛው «ለማን» ነው። በሰርቨሩ ላይ ያለው የቅንብር ፋይል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የየግለሰቡ፣ አንዱ የሁሉም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ከባልደረቦቼ አንዱ፣ ሁላችንም በድምፁ ስለምንቸገር ለሁላችን አንድ ጊዜ ይጥፋልን ብሎ አስተዳዳሪውን ጠይቆት ነበር። «የራስዎን ለራስዎ ይለውጡ፤ የሁሉን ግን አልነካም» አለው። ያን ጊዜ ግትርነት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ትክክል እንደ ነበር አምናለሁ። ከሠራተኞቹ አንዱ ዓይኑ የደከመ ነበርና ስክሪኑን የሚረዳው በድምፅ ነበር። ለእኛ ንዝንዝ የሆነው ለእርሱ ምርኩዝ ነው። ሰው በራሱ ጆሮ ላይ ሥልጣን አለው፤ በሌላው ጆሮ ላይ ግን የለውም። ሌሎችን ከድምፅ ልንገላግላቸው ስንነሣ፣ ልንገላግላቸው የተነሣንበትን ነገር ይፈልጉት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው «እስከ መቼ» ነው። ያ ፑቲ የተባለው ፕሮግራም በውስጡ አንድ ያላስተዋልሁት ጥበብ ነበረው። እንዳለ ከተተወ፣ በ2 ሰከንድ ውስጥ ደወሉ ከ5 ጊዜ በላይ ቢመታ ነገሩ ከንቱ ጩኸት መሆኑን ይገምትና ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል። ለ5 ሰከንድ ያህል ጸጥታ ከሆነ ግን ደወሉን መልሶ ይከፍታል። ጆሮውን ይዘጋል፤ ግን መክፈቱን አይረሳም። እኛ ሰዎች የምንረሳው ይህን ነው። አንድ ጊዜ በንዴት ወይም በድካም የዘጋነውን በር ንዴቱ ካለፈ በኋላ ተመልሰን አንከፍተውም፤ በሩ መዘጋቱንም እንረሳለን። እኔ በአንዲት ሌሊት ለሕፃን እንቅልፍ የዘጋሁት ደወል ከሁለት ሳምንት በኋላም እንደ ተዘጋ ነበር። ለአንድ ሌሊት ያስፈለገኝን ዝምታ ለዘለዓለም ወሰድሁት።

ወደ ቀደመው ጥያቄ እንመለስ፤ ተጠያቂው ማን ነው? ዕዳው በሁለቱም በኩል ያለ ይመስለኛል። የሚደውለው ወገን ለተራ ነገር ላለመደወል ዕዳ አለበት፤ የሰውን ጆሮ በከንቱ ያደከመ ሰው፣ እሳት በተነሣ ቀን የሚሰማውን ሰው አስቀድሞ ገድሎታልና። የሚሰማው ወገን ደግሞ ዝም ያሰኘው ድምፅ ሊነግረው የነበረውን ነገር በሌላ መንገድ የመጠየቅ ዕዳ አለበት። ደወሉን ካጠፋሁ፣ በየጊዜው ሄጄ ስክሪኑን ማየት የእኔ ሥራ ሆኗል ማለት ነው። ዝምታ ሥራውን ከደወሉ ወደ እኔ ያዛውረዋል እንጂ ሥራውን አያጠፋውም። በዚያ ሌሊት ዝምታውን ተቀበልሁ፤ ሥራውን ግን አልተቀበልሁም።

ይህን ሁሉ ያለ ምክንያት ከልቤ አላኖርሁትም። የተርጓሚ ሙያ ራሱ ድምፅን የመለየት ሙያ ነው። አንድ ሰው ቃሉን ሲሰጥ ያስላል፤ «እ...» ይላል፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። ተርጓሚው የትኛው ከንቱ ነው፣ የትኛው ነገር ነው ብሎ ይመርጣል። ጽሑፉ እንዲያምርልኝ ስል ስንት ጊዜ ድግግሞሽን እንዳጠፋሁ እግዜር ይወቀው። ያችን ሴት በሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እንደ ገና ስተረጉማት፣ ስለ አንድ በር አራት ጊዜ እንደ ተናገረች አስተዋልሁ። በጠፋው ረቂቅ ውስጥ ለቋንቋ ውበት ብዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ጽፌው ነበር። በሁለተኛው አራቱንም እንዳሉ ተውኋቸው። ለእኔ ድግግሞሽ የመሰለኝ፣ ለእርሷ ደወል ሊሆን እንደሚችል ገባኝ።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ ኋላ ይሰማል ለማለት ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ትርጉም አገኘሁለት፤ ጆሮዬ የእኔ ብቻ አይደለም። ከሩቅ ሆኖ የሚጠራኝም በውስጡ ድርሻ አለው።

ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እንቅልፏም ከባድ ነው። በሰርቨሩ ላይ ከንቱውን ደወል በራሴ ፋይል ዘግቼዋለሁ። በኮምፒዩተሬ ላይ ያለው ግን ክፍት ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጌዋለሁ እንጂ አላጠፋሁትም። አልፎ አልፎ ሌሊት አንድ ጊዜ ይሰማል። ባለቤቴ ትገላበጣለች፤ እኔም ተነሥቼ ማን እንደ ጠራኝ አያለሁ።